የፊቱ ጎማ ይነሳል፣ ግን አይቆይም፦ በኋላ ጎማ ብቻ መንዳት የምትችሉ ምከሩኝ

ሐይቅ_ዳር
ግንቦት 24

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ከልጅነቴ ጀምሮ ትምህርት ቤትም፣ ገበያም፣ ሐይቅ ዳርም የምሄደው በሳይክል ነው። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የፊቱን ጎማ አንስቼ፣ በኋላው ብቻ፣ ቢያንስ ከአንድ የመብራት እንጨት እስከ ሚቀጥለው መድረስ።

ያለኝ ባለ 26 ማውንቴን ሳይክል ነው። ፊት 3፣ ኋላ 7 ማርሽ አለው፤ ፍሬኑ ቸርኬውን (የጎማውን ክብ ብረት) ከሁለት ጎን የሚይዘው ዓይነት ነው። ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ ስሞክር ጥቂት ሳምንታት ሆነኝ። መሪውን ስስብ ይነሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ እረግጣለሁ፣ ከዚያ ፍጥነቱ ይጨምርና እግሬ ፔዳሉን መከተል ያቅተዋል፤ ፊቱም ይወድቃል። ጠንከር አድርጌ ስስበው ደግሞ ወደ ኋላ የምገለበጥ ይመስለኛል፣ ወዲያው እግሬን አወርዳለሁ። በዚያ ላይ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላል።

ጓደኞቼ «ክንድህን አጠንክር፣ ነገሩ ጉልበት ነው» ይሉኛል። እውነት ጉልበት ነው? የቻለ ሰው በዝርዝር ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።


አቶቴ
ግንቦት 24

ሣር ፈልግና እዚያ ተለማመድ። አስፋልት ላይ ሰው ስለሚፈራ ከፍ አድርጎ አይስብም። መውደቁን ከለመድከው ሌላው ይመጣል።


ካቴና
ግንቦት 24

ወንድሜ፣ ያልከውን ደግሜ አነበብኩት፤ ችግሩ ክንድህ ላይ አይደለም። ሁለት ሦስት ረግጠህ ፔዳሉ የሚያመልጥህ ፊቱ በቂ ከፍታ ስላላገኘ ነው። የአንተና የሳይክሉ ክብደት መካከል፣ የኋላው ጎማ መሬት ከነካበት ቦታ ልክ በላይ ሲመጣ ሳይክሉ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መውደቅ አይፈልግም። ሚዛኑ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ በታች እስካለህ ድረስ የፊቱን ጎማ አየር ላይ የሚያቆየው የእግርህ ግፊት ብቻ ስለሆነ ያለማቋረጥ ፍጥነት መጨመር አለብህ። እግር ደግሞ ወሰን አለው፤ ሦስተኛው ርግጫ ላይ ያልቃል። አንተም የጻፍከው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ አሁን ካለህበት ከፍ ማለት አለብህ። ከፍ እንዳትል የያዘህ የመገልበጥ ፍርሃት ነው፣ ፍርሃቱም ትክክል ነው፤ በድፍረት ሊጠፋ አይገባም። የሚያጠፋው የኋላ ፍሬን ነው። ፊቱ ምንም ያህል ከፍ ቢል የኋላውን ፍሬን ያዝ ስታደርግ ወዲያው ይወርዳል። የፊት ፍሬን በዚያ ሰዓት ምንም አይሠራም፤ የሚያስቆመው ጎማ አየር ላይ ነው።

ለዚህ ነው ለሚጠይቀኝ ሁሉ ከማንሳት በፊት ማውረድን ተማር የምለው። መጀመሪያ ሳይክልህን አቁመህ የኋላው ፍሬን በየትኛው እጅ እንደሆነ እይ። እኛ ጋ የሚገቡት ሳይክሎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በአንዱ ግራ ነው፣ በሌላው ቀኝ፣ ያገለገለ ሲሆን ደግሞ ሽቦውን ያቀያየረው ሰው እንደፈለገው ነው። አንድ ጣትህ ከዚያ ፍሬን ላይ አይነሳ። መሪውን የምትይዘው በቀሩት ጣቶች ነው።

ከዚያ ሩቅ ለመሄድ አትሞክር። አንዴ አንሳ፣ ፍሬን ያዝ፣ ይውረድ። እንደገና አንሳ፣ ያዝ፣ ይውረድ። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ከፍ አድርግ። አንድ ቀን ሚዛኑን አልፈህ ወደ ኋላ መሄድ ትጀምራለህ፣ ጣትህ ፍሬኑን ይነካል፣ ፊቱ በእርጋታ ይወርዳል። ያን ዕለት ነገሩ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ከፍታው አያስፈራህም፤ ሰውነትህ መውረጃ እንዳለው አውቋል። ብዙ ልጆች ይህን ዘለው ወራት ሲያባክኑ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የቀረው ሁሉ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው።

አሁን ስለ አነሳሱ። ኮርቻህን ከተለመደው ዝቅ አድርገው፣ ግማሽ ያህል ይበቃል። ከወገብህ ቀና ብለህ ኮርቻው የኋላ ጫፍ ላይ ተቀመጥ። ማርሹ ፊት መካከለኛው፣ ኋላ ከትልቁ ጥርስ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ይሁን። እንደ ፈጣን እርምጃ ቀስ ብለህ ሂድ። ጠንካራው እግርህ ያለበት ፔዳል የላይኛውን ጫፍ እንዳለፈ ደረትህን ትንሽ ወደ መሪው አስጠጋ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ እየረገጥክ ትከሻህን ወደ ኋላ ጣል። ክንድህ የተዘረጋ ይሁን። ክንድህን አጥፈህ ከሳብከው መሪውን ወደ ደረትህ ታመጣዋለህ እንጂ ክብደትህ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ጓደኞችህ «ጉልበት» የሚሉት ነገር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

አቶቴ፣ ስለ ሣሩ ካንተ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ለስላሳ ረጅም ሣር ጎማውን ይይዘዋል፣ ፍጥነት ይበላል፣ ሰውየው እንዲያካክስ በክንዱ መሳብ ይጀምራል። አጭርና የጠነከረ ሣር ከሆነ እሺ። እኔ የምመርጠው ትንሽ ሽቅብ ያለውን መንገድ ነው። ዳገቱ ፍጥነቱን ራሱ ይቆጣጠርልሃል፣ ፊቱም ቶሎ ይነሳል።


አቶቴ
ግንቦት 24

ዳገት ያልከው ልክ ነው፣ አልቃወምም። ሐዋሳ ላይ ግን ዳገት ፍለጋ ወደ ታቦር ተራራ ወይም ወደ አላሙራ ተራራ በኩል መሄድ አለብህ። መሃል ከተማው ሁሉ ጠረጴዛ ነው። ሣሩን ያነሳሁትም ለዚህ ነው፣ በቅርብ የሚገኘው እሱ ስለሆነ።


ታቦር
ግንቦት 25

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ካቴና የነገረህን በቁጥር ላሳይህ፣ ማርሽ ስትመርጥ ይጠቅምሃል።

ፊት 34 ጥርስ፣ ኋላ 24 ጥርስ ያለውን ብትይዝ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንድ ተኩል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ባለ 26 ጎማ አንዴ ሲዞር ከ2 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ የፔዳል ዙር 3 ሜትር ገደማ ትሄዳለህ። በሰከንድ አንድ ዙር ከረገጥክ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሰው በእርጋታ ሲሮጥ የሚሄደውን ያህል። ለመማር የሚመቸው ይህ ነው። በዚያው አረጋገጥ ኋላውን 14 ጥርስ ላይ ብታደርገው 18 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ለመነሳትም ይከብዳል። በጣም ቀላሉን፣ ማለትም ፊት 24 ኋላ 28 ብትይዝ ደግሞ ከ7 ኪሎ ሜትር በታች ይሆናል፤ ፊቱ በኃይል ይነሳል፣ ፔዳሉ ግን ወዲያው ባዶ ይሆንብሃል። የጥርሱ ቁጥር ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ ተጽፏል፣ ካልተጻፈ ቁጠረው።

ፍሬኑ ለምን ፊቱን እንደሚያወርድም ልንገርህ። ፍሬን ስትይዝ መሬቱ የኋላውን ጎማ ከታች ወደ ኋላ ይገፋዋል። አንተ ግን ከመሬት ከፍ ብለህ ስላለህ ወደ ፊት መሄድህን ትቀጥላለህ። ከታች ተይዞ ከላይ የሚሄድ ነገር ወደ ፊት ይዘነበላል፣ ስለዚህ ፊቱ ይወርዳል። ስትረግጥ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ርግጫና ፍሬን አንድ ገመድን ከሁለት ጫፍ እንደሚስቡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የቻሉትን ሰዎች እግርና ጣት ብታይ ሁለቱም ያለማቋረጥ ጥቂት ጥቂት ይሠራሉ።

ወደ ግራ ማዘንበሉ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ ሲሆን ወደምትወድቅበት ጎን መሪውን ትንሽ እያዞርክ ሚዛንህን ትጠብቃለህ፣ ሳታስበው። የፊቱ ጎማ ሲነሳ ይህ ይቀራል። ያኔ የሚቀርህ ሰውነትህ ብቻ ነው፦ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ትከሻ። ስለዚህ ብዙ ዓመት የነዳ ሰውም ቢሆን የጎን ሚዛንን እንደ አዲስ ይማረዋል።


ሰማያዊ_ሄልሜት
ግንቦት 25

እኔም ከእህቴ ጋር እየተለማመድኩ ስለሆነ ይህን ውይይት በማግኘቴ በጣም ደስ ብሎኛል። ቁመቴ አጭር ነው፣ ሳይክሉ ደግሞ የወንድሜ ስለነበር ይተልቅብኛል። ፊቱን ማንሳት የሚከብደኝ በዚህ ይሆን? ሌላም ነገር አለ፣ ሴት ልጅ ስትሞክር ሰው ይሰበሰባል፣ አስተያየት ይበዛል፤ ለዚህ ነው ፀሐይ ሳትወጣ የምንሄደው።


ካቴና
ግንቦት 25

እህቴ፣ ቁመት አይከለክልም፤ ረጅም ቴላዮ (የሳይክሉ ዋና ብረት) ግን ሥራ ይጨምራል። ፊቱ ከአንቺ በራቀ ቁጥር ክብደትሽን ወደ ኋላ ለማምጣት ብዙ መሄድ አለብሽ። ኮርቻውን ከሥሩ ያለውን ብሎን አላልተሽ ወደ ኋላ ግፊው፣ ዝቅም አድርጊው። መሪውን የያዘው ብረት ረጅም ከሆነ ጠጋኝ ቤት በአጭር ይለወጣል። እሱ ብቻ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ሰው መሰብሰቡን በተመለከተ ማለዳው ጥሩ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስም አይኖርም።


አዳማ_ነኝ
ግንቦት 26

እኛ አዳማ ነፋሱን ከማለዳም አናመልጥም፣ ተርባይን የተተከለልን በምክንያት ነው። በነፋስ መለማመድ ይቻላል? ሳይክሌ ደግሞ ማርሽ የሌለው ባለ 28 ነው።


ካቴና
ግንቦት 26

ከፊት የሚመጣ ነፋስ ደረትህን ስለሚገፋ ፊቱን ያነሳልሃል፣ ፍሬንህ እርግጠኛ ከሆነ አይጎዳም። ከጎን የሚመጣው ግን መጥፎ ነው፣ በተለይ ድንገት የሚያርፈው። ግንብ ወይም ረጅም አጥር ያለበት መንገድ ፈልገህ በከለላው በኩል ተለማመድ።

ባለ 28 ላይ አልመክርህም። ርግጫው ከባድ ነው፣ ቴላዮው ረጅም ነው፣ ፍሬኑም ብዙ ጊዜ ጣት ሲነካው የሚታዘዝ አይደለም። ከጓደኛ ባለ 26 ተዋስና መሠረቱን በእሱ ያዝ።


ቁልፍ_15
ግንቦት 27

ልጆች፣ ስትማማሩ ማየት ያስደስታል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሳይክል ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከመንዳቱ ይልቅ የማውቀው ብረቱን ነው። ስለ ብረቱ ማንም ስላልተናገረ ልናገር።

መጀመሪያ የፊት ጎማችሁን ዘንግ የሚይዘውን ዳዶ በቁልፍ አጥብቁ። ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ ሲሆን ዳዶው ቢላላም ክብደታችሁ ጎማውን ከፎርኬላው (የፊት ጎማውን ከሚሸከመው ሹካ ብረት) ውስጥ ይይዘዋል። ፊቱን ስታነሱት ግን ጎማው ተንጠልጥሏል፣ የላላ ከሆነ ከቦታው ይወጣል፤ ከዚያ የምታርፉት በፎርኬላው ጫፍ ነው፣ ፊታችሁም ከመሪው በላይ አልፎ ይሄዳል። በእጅ በሚቆለፈው ዓይነትም ቢሆን ማንሻው ሲዘጋ መዳፍን ጫን አድርጎ መያዝ አለበት፤ እንደ ቧንቧ እየዞረ የሚጠብቅ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይህን በየቀኑ ከመጀመራችሁ በፊት እዩት። ልለምናችሁ የምችለው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛው ካቴና፣ ማለትም ከፔዳሉ ወደ ኋላው ጎማ የሚሄደው ሰንሰለት ነው (ስሙን የወሰደው ወንድማችን ይቅር ይበለኝ)። ያለቀ ካቴና ጠንክራችሁ ስትረግጡ ጥርስ ይዘላል። ፊቱ አየር ላይ ሳለ ከዘለለ እግራችሁ ባዶ ይረግጣል፣ ፊቱ በድንገት ይወድቃል። መለኪያው ቀላል ነው። ከትምህርት ቤት ማስመሪያ ረዘም ያለ ሜትር ያዙ፣ ከአንዱ ፒን መሃል ጀምራችሁ፣ የጀመራችሁበትን ሳትጨምሩ፣ እስከ 24ኛው ፒን መሃል ለኩ። አዲስ ካቴና 30.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 30.7 ከደረሰ መለወጥ አለበት፤ ከዚያ ካለፈ የኋላውንም ጥርስ ይዞ ይሄዳል፣ ወጪውም ይበዛባችኋል።

ሦስተኛው የኋላው ጎማ ዘንግ ነው። ማርሹ በጥርስ ተጠምዝዞ በሚገባበት ሳይክል ላይ፣ በእኛ ከተማም የበዛው እሱ ነው፣ በማርሹ በኩል ያለው ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ኳስ) ከቴላዮው ራቅ ብሎ ወደ ውስጥ ይቀመጣል። በዚያ በኩል ያለው የዘንጉ ክፍል ደጋፊ የለውም። ክብደት ሁሉ ኋላ ላይ ሲያርፍና በኃይል ሲመታ ይጎብጣል፣ አንዳንዴም ለሁለት ይሰበራል። ምልክቱ፦ ጎማውን አንስታችሁ ስታዞሩት ማርሹ እየተወላገደ ይዞራል፣ ወይም ቸርኬው በአንድ በኩል ፍሬኑን መንካት ይጀምራል። ዘንግ ርካሽ ነው። ኩሽኔታውን በልቶ ሳይጨርስ አምጡት።

ፊቱንም እንደ ድንጋይ አትጣሉት። ፍሬን ይዛችሁ ካወረዳችሁት በቀስታ ይወርዳል፤ የፎርኬላው ኩሽኔታ፣ ራጂው፣ ሁሉም ይተርፋል። በእጃችሁ መሪው እየተንኳኳ ከሆነ የላይኛው ዳዶ ላልቷል።


ካቴና
ግንቦት 27

ጋሼ፣ ይቅርታ አያስፈልግም፣ በጣም አመሰግናለሁ። የፊት ዳዶውን ነገር እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። አዲስ የምታነቡ ሁሉ የጋሼን መልእክት ከእኔ በፊት አንብቡ።


የሰፈር_እናት
ግንቦት 28

ልጆቼ፣ እኔ ሳይክል አልነዳም፤ ልጄ ግን ይነዳል፣ ይህን ያሳየኝም እሱ ነው። የምትሉት ሁሉ በጥንቃቄ ስለሆነ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ዳር ሕፃናት ይዘን እንሄዳለን። በቅርቡ አንድ ልጅ የፊት ጎማውን አንስቶ በሰው መሃል ሲያልፍ ትንሿ ልጄ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ፊቱ ስለተነሳ ከፊቱ ያለውን የሚያይ አልመሰለኝም። እባካችሁ ከሰው ራቁ።


ሐይቅ_ዳር
ግንቦት 28

እናቴ፣ ልክ ነዎት። ፊቱ ሲነሳ መሪውና ጎማው ከፊት ለፊት ያለውን ዝቅ ያለ ነገር ይሸፍናሉ፣ ሕፃን ደግሞ ዝቅ ያለ ነው። መሪም ስለማይሠራ ማምለጥ አይቻልም። እኔ ሐይቅ ዳር መንገዱ ላይ አልሞክርም፣ ጓደኞቼንም እነግራለሁ።


ካቴና
ግንቦት 28

እናታችን የተናገሩት እዚህ ውይይት ላይ ካለው ሁሉ ይበልጣል። እጨምርበታለሁ፦ ባጃጅ የሚመላለስበት መንገድም አይሆንም። ባጃጅ ያለማስጠንቀቂያ ለተሳፋሪ ይቆማል፣ አንተ ደግሞ የምታስፈልግህ ከ30 እስከ 40 ሜትር ባዶ መንገድ ናት። ኮብልስቶንም ተውት፣ ጎማው በየድንጋዩ መሃል ስለሚዝለገለግ የጎን ሚዛን መማር አይቻልም። እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ብዙ አስፋልት ባዶ ነው።

ስለ መውደቅም አንድ ቃል። ወደ ኋላ ስትሄድ ፍሬኑ ካመለጠህ መሪውን ልቀቅና በእግርህ ቁም፤ ሳይክሉ ፊትህ ይሄዳል። በፈጣን እርምጃ ያህል እስከሄድክ ድረስ ይህ ቀላል ነው። እጅህን ወደ ኋላ አትትከል፣ የእጅ አንጓ የሚሰበረው እንዲያ ነው። ይህን ሆን ብለህ ጥቂት ጊዜ ተለማመደው። ሄልሜት አድርግ፣ ጫማህ የተዘጋ ይሁን፣ በነጠላ ጫማ አይሆንም። እግርን ከፔዳል ጋር የሚያስር ነገር ካለ አውጣው።


ሐይቅ_ዳር
ሰኔ 9

ተመልሼ መጣሁ። ጋሼ እንዳሉት ካቴናዬን ለካሁት፣ አልፎ ነበር፣ ለወጥኩት። የኋላ ፍሬኔም ሽቦው ዝጎ እንደነበር ያኔ አየሁ፤ ሽቦውን አስለውጬ አሁን በአንድ ጣት ይይዛል። 

ከዚያ ካቴና እንዳለው ማንሳትና ማውረድ ብቻ ሠራሁ። አሰልቺ ይሆናል ብዬ ነበር፣ አልሆነም፤ በየጊዜው ከፍታው ሲጨምር ይታወቃል። ባለፈው ሳምንት ሚዛኑን አለፍኩት። ወደ ኋላ ስሄድ ተሰማኝ፣ ጣቴ ሳላዘው ፍሬኑን ነካ፣ ፊቱም ወረደ። ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ፔዳሉ አምልጦኝ አያውቅም፤ ከፍ ብዬ ስቀመጥ እግሬ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው።

አሁን የቀረኝ ግራው ነው። ሁሌ ወደ ግራ። ጉልበቴን ወደ ውጭ ለመክፈት ሞክሬያለሁ፣ ግን ይዘገይብኛል።


ሰማያዊ_ሄልሜት
ሰኔ 9

እንኳን ደስ አለህ! ግራውን በተመለከተ እኔ ላይ የሠራውን ልንገርህ። እህቴ ከኋላዬ ቆማ በስልክ ቀረጸችኝ። ከጎን ሳይሆን ልክ ከኋላ። ስናየው ገና ከመነሳቴ በፊት ጠማማ ነበርኩ፦ ኮርቻው ላይ ወደ አንድ ጎን ተቀምጫለሁ፣ በአንዱ ክንዴም ከሌላው አብልጬ እስባለሁ። አየር ላይ የማስተካክለው የመሰለኝ ነገር የተበላሸው መሬት ላይ ነው። አሁን ከመሳቤ በፊት ሁለቱም ክንዴ እኩል መዘርጋቱን አያለሁ፣ ዓይኔን ደግሞ ከፊት ጎማው ላይ አንስቼ ሩቅ ያለ ዛፍ ላይ አደርጋለሁ። ማዘንበሉ በጣም ቀነሰ።

ኮርቻውንም ወደ ኋላ ገፍቼዋለሁ፣ ካቴና አመሰግናለሁ። እህቴ ከእኔ በፊት ቻለች።


ታቦር
ሰኔ 10

ከኋላ መቅረጽ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው። ሐይቅ_ዳር፣ የምትጀምርበትን እግርም ለውጠህ ሞክር። በቀኝ ብቻ የምትጀምር ከሆነ የመጀመሪያው ትልቅ ርግጫ ሁሌ ከአንድ ጎን ይመጣል። ወደ ግራ ስታዘነብል ቀኝ ጉልበትህን ወደ ውጭ ክፈት፣ መሪውንም ትንሽ ወደ ቀኝ ውሰድ። የዘገየብህ እስክታዘነብል ስለምትጠብቅ ይሆናል። ያዘነበለ ነገር ባዘነበለ ቁጥር መውደቁ ይፈጥናል፣ ስለዚህ በጊዜ የሚደረግ ትንሽ እርማት ዘግይቶ ከሚደረግ ትልቅ እርማት ይሻላል።


አቶቴ
ሰኔ 10

ፒተር ሳጋን ቱር ደ ፍራንስ ላይ ተራራ ሲወጣ የፊት ጎማውን አንስቶ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015፣ በ2016 እና በ2017 ተከታትሎ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ስሎቫካዊ። ተጋጣሚዎቹ ትንፋሽ አጥሯቸው እሱ ለተመልካች በአንድ ጎማ ያልፍ ነበር። ሳይክሉ ደግሞ ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ሳይክል ነው።


ካቴና
ሰኔ 10

አይቻለሁ፣ ሁሌም እደሰትበታለሁ። እኔን የሚያስገርመኝ ደግሞ ኩርት ኦስበርን ነው። በ1999 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከሆሊውድ ካሊፎርኒያ እስከ ኦርላንዶ ፍሎሪዳ አሜሪካን በኋላ ጎማ አቋርጧል፤ ከ4,500 ኪሎ ሜትር በላይ። በክንድ ጉልበት ይህን ያህል መሳብ የሚችል ሰው የለም። ሚዛኑ ላይ ከተቀመጥክ ክንድህ ያርፋል፣ መሪውን የምትይዘው ለመነካካት ያህል ነው። ሐይቅ_ዳር መጀመሪያ ላይ «ጉልበት ነው?» ብሎ ለጠየቀው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።


አዳማ_ነኝ
ሰኔ 14

ባለ 26 ተዋስኩ። ፍሬኑ ላይ እየሠራሁ ነው። ፊቱ ሲነሳ ቶሎ ቶሎ ፍሬኑን አጥብቄ እይዛለሁና ፊቱ በኃይል ይወድቃል። እንዴት ላለስልሰው?


ካቴና
ሰኔ 14

ሁለት ነገር እይ። አንደኛ የፍሬኑ ጎማ ከቸርኬው ምን ያህል ይርቃል? በጣም ከራቀ ጣትህ ረጅም መንገድ ሄዶ በድንገት ነው የሚይዘው፤ ሽቦውን ሳብ አድርገህ አቀራርበው። ሁለተኛ ተቀምጠህ፣ ሁለቱም ጎማ መሬት ላይ ሆኖ፣ እየረገጥክ የኋላውን ፍሬን ትንሽ ጎተት አድርገህ ሂድ። ሳይክሉ ሳይቆም፣ ፍሬኑም ሳይለቅ። እግርህና ጣትህ አብረው መሥራት እዚያ ይለምዳሉ። ያን ካገኘኸው አየር ላይም ይመጣል።


ሐይቅ_ዳር
ሐምሌ 2

ከመብራት እንጨት እስከ መብራት እንጨት ደረስኩ! ከዚያም አልፌ ሄድኩ። ሰማያዊ_ሄልሜት፣ ያልሽው ነበር፤ በቪዲዮው ላይ ቀኝ ክንዴ ቀድሞ ሲሳብ በግልጽ ይታያል። ታቦር፣ በግራ እግር መጀመሩ አሁንም ይከብደኛል ግን ለሚዛኑ ረድቶኛል። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ክረምቱ ስለገባ መንገዱ ሁሌ እርጥብ ነው፣ ልቀጥል ወይስ ልተው? ሁለተኛ፣ በአንድ ጎማ መታጠፍ የሚቻለው እንዴት ነው?


ቁልፍ_15
ሐምሌ 2

ጎበዝ ልጄ። የአንተ ፍሬን ቸርኬ ላይ የሚይዝ ስለሆነ ቸርኬው ከራሰ ወዲያው አይይዝም፤ መጀመሪያ ውኃውን ጠርጎ ነው የሚይዘው። ለተራ ጉዞ ምንም አይደል። አንተ ግን የምትተማመነው በእሱ ብቻ ነው፣ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ በጀርባህ ነህ። ሲዘንብና መንገዱ ሲርስ ተው። ፀሐይ ወጥቶ ሲደርቅ ቸርኬውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገህ ሂድ። ዘይት የነካው ጨርቅ እንዳይሆን።


ካቴና
ሐምሌ 3

ለመታጠፍ አትቸኩል። መጀመሪያ ቀጥ ብለህ ስትሄድ ፍጥነትህን በፈለግኸው ጊዜ መቀነስና መጨመር መቻልህን አረጋግጥ፣ ፊቱ ሳይወርድ። ከቻልክ ሰፊ ባዶ ቦታ ፈልግ፣ ትልቅ ክብ አስብና ወደምትዞርበት ጎን ዓይንህንና ትከሻህን አዙር፣ ዳሌህን ትንሽ ወደዚያው አዘንብል። መሪውን አትጠምዝዘው። መታጠፊያው ውስጥ ሳይክሉ ወደ ውስጥ መውደቅ ሲጀምር ፍሬን ሳይሆን ርግጫ ነው የሚያነሳህ። በግራ በኩል ጀምር፤ እስካሁን ሰውነትህ በደንብ የሚያውቀው ጎን እሱ ነው።


ሰማያዊ_ሄልሜት
ሐምሌ 3

እኔና እህቴ እሑድ ዝናብ ከሌለ አላሙራ በኩል እንሄዳለን። የምትመጡ ካላችሁ ጻፉ፣ ከኋላ የሚቀርጽ ሰው ሁሌ ያስፈልገናል።


ቁልፍ_15
ሐምሌ 3

እኔም እመጣለሁ። የፊት ዳዷችሁን አንድ በአንድ ካየሁ በኋላ ትጀምራላችሁ።